ሦስት ገመድ ከሚዛን እስከ ቴፒ

ባለፈው ሳምንት ፍራሽና ሳጥን የማስርበት ገመድ ልገዛ ሚዛን ገበያው ዳር ካለ አንድ ሱቅ ገብቼ፣ ልጁ ሰማያዊውንም ቢጫውንም የናይለን ገመድ እየመዘዘ ሲያሳየኝ፣ ከሚስማሩ ካርቶን ኋላ አንድ ጥቅል የቃጫ ገመድ ተጥሎ አየሁና «እሱን አምጣልኝ» አልኩት። «እማማ፣ ይሄ እኮ ለከብት ነው፤ ቶሎ ይበሰብሳል» አለኝ። እኔስ ብሆን ስንት ዓመት ልቆይ ነው፤ ግድ የለም፣ አምጣው። ጣሪያው ያፈስበት ኖሮ ጥቅሉ ርሶ ነበር፤ ልጁ አንስቶ እጄ ላይ ሲያስቀምጠው የእርጥብ ቃጫው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና እዚያው የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ዘጭ አልኩ። ምስኪን ልጅ፣ ስኳራቸው ወርዶባቸው ነው ብሎ ለስላሳ ሊከፍትልኝ ሲጣደፍ አየሁት። ስኳርም የለብኝ፣ ደም ግፊትም የለብኝ፤ የደከመኝ ሌላ ነው።

ከዕድሜዬ ቀድሜ ጡረታ ከወጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ልጄ «ብቻሽን እዚያ ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይና ከእኛ ጋር ኑሪ» እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማ፣ በመጨረሻ ለመከራከሩም አቅም ሲያንሰኝ እሺ አልኩና፣ ቤቴን ለተከራይ ሰጥቼ ቴፒ ልገባ ነው ገመድ መግዛቴ። ከሚዛን ቴፒ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ሰው እንቅልፍ ሳይወስደው ይደርሳል። እኔ በልጅነቴ የማውቀው መንገድ ግን ቀኑን ሙሉ የሚፈጅ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ሁለትና ሦስት ቀን የሚያሳድር ጭቃ ነበር። በዚያ ጭቃ ላይ ሦስት ቦታ ሦስት ገመድ ተወጥሮ ነበር፤ የልጅነቴ ነገር ሁሉ በእነዚያ ሦስት ገመዶች መካከል ነው ያለው።

ያ ሽታ የአባዬ ሽታ ነው። አባዬ በወጣትነቱ ከከምባታ ለመንገድ ሥራ መጥቶ፣ ድንጋይ ሲፈለጥ የቀኝ እጁን ሁለት ጣት አጥቶ፣ ለአካፋም ለዶማም አልመች ሲል ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ መውጫው ላይ ያለችውን ኬላ ሰጡት። ኬላ ማለት ሌላ አይደለም፤ ሁለት ሰው ቆሞ ሦስተኛው የማይገባባት የቆርቆሮ ቤት፣ ከበሯ ፊት ከመንገዱ ወዲህና ወዲያ የተተከሉ ሁለት ግንዶች፣ በግንዶቹ መካከል የተወጠረ የቃጫ ገመድ፤ ሾፌሮች ከሩቅ እንዲያዩት ገመዱ ላይ እማዬ የጨረሰቻቸው ቀሚሶች ተቀድደው ተንጠልጥለውበታል። መኪና መጥቶ ሲቆም አባዬ ወረቀቱን ያያል፣ ከኋላ ወጥቶ ጭነቱን ያያል፣ ከዚያ ገመዱን ከግንዱ ፈትቶ መሬት ላይ ይጥለዋል፣ መኪናው ረግጦት ያልፋል። ዝናቡ እንዳያበሰብሰው ከሾፌሮች የለመነውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት በጨርቅ እየነከረ ያሸው ስለነበር፣ ቤት ሲገባ ጋቢውም እጁም ቃጫና ዘይት ይሸት ነበር። እማዬ «እኔ ከሰው አይደለም ከመኪና ጋር ነው የተጋባሁት» እያለች ታሾፍበታለች። እሱ ግን በገመዱ ይኮራል። የደርግ ጊዜ ነው፤ ቡና ያለ ወረቀት አይንቀሳቀስም፣ ሰውም ከቀበሌው የይለፍ ወረቀት ሳይዝ ከከተማ አይወጣም፤ አባዬ የገዛ እህቱን ባል ወረቀት አልያዝክም ብሎ ከነሻንጣው መልሶት ዘመድ ሁሉ አንድ ዓመት አኩርፎት ነበር። ጋሽ ከድር የሚባል የቡና መኪና ሾፌር፣ የአባዬ ወዳጅ፣ «የአንተ ገመድ እንደሆነ ዘመድ አያውቅም» ሲለው አባዬ እንደ ምርቃት ነበር የሚቀበለው።

ሁለተኛው ገመድ መንገዱ እኩሌታ ላይ ሸኮ ጫካ ውስጥ፣ ሦስተኛው ቴፒ መግቢያ ላይ ነበር። በመካከላቸው ስልክ የለም፤ ከኬላ ኬላ ወሬ የሚያደርሰው መኪናው ራሱ ነው። ታዲያ አንድ ጊዜ ቡና ጆንያ ላይ ተኝቶ የሚሄድ ሰው ሸኮ ዳገት ላይ ተንሸራቶ ወድቆ፣ ሾፌሩም ረዳቱም ሳያውቁ ቴፒ ገብተው፣ በሦስተኛው ቀን ጉሬዛ የሚያባርር ገበሬ ነው እግሩ ተሰብሮ ያገኘው። ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ጠባቂዎች ማንም አለቃ ሳያዛቸው እርስ በርሳቸው አንድ ሥርዓት አወጡ። መኪና ከአንዱ ኬላ ሲነሳ ክንድ የምታህል የቃጫ ክር የሾፌሩ ስፖኪዮ ላይ ትታሰራለች፤ መኪናው ላይ ስንት ሰው እንዳለ ክሯ ላይ ያን ያህል ቋጠሮ ይቋጠራል፤ ቀጣዩ ጠባቂ ቋጠሮውን ቆጥሮ ሰዉን ይቆጥራል። ሰው ከበዛ ሾፌሩ መንገድ ላይ ጭኗል ማለት ነው፤ ሰው ካነሰ ደግሞ የወደቀ አለ፣ ተመልሶ ይፈለጋል። ክሯ በኮባ ቅጠል ተጠቅልላ በተመላሽ መኪና ለላከው ጠባቂ ትመለሳለች፤ ሾፌር በእጁ አይነካትም፤ መንካቱ እንደ ነውር የሚቆጠር ነገር ነበር። መጻፍ የሚያውቀውም የማያውቀውም ጠባቂ እኩል የሚያነበው ደብዳቤ ነበር እንግዲህ።

አባዬ በሦስት ጣት ቋጠሮ አይሆንለትም። ስለዚህ ስምንት ዓመት ሲሞላኝ ሥራው የእኔ ሆነ፤ ከትምህርት ቤት መልስና እሑድ እሑድ፣ በክረምት ደግሞ ቀኑን ሙሉ፣ ኬላዋ በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ መኪና እጠብቃለሁ። ሾፌሮቹ ጎንበስ ብለው በመስኮት ሲያዩኝ፣ እኔ በእግር ጣቴ ቆሜ ስፖኪዮው ላይ ክሩን ሳስር፣ የሚዛን ከተማ ያለ እኔ የሚንቀሳቀስ አይመስለኝም ነበር። ኩራቴ ለጉድ ነበር።

ወንድሜ ታምራት በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። ሌላው ልጅ ኳስ ሲያሳድድ እሱ ነገሩ ሁሉ ኬላ ነበር። እሱ አሥራ አምስት፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን በነበረበት ክረምት፣ ጋሽ ከድርን ለምኖ፣ አባዬን በእማዬ በኩል አስለምኖ፣ የይለፍ ወረቀት ከቀበሌ አውጥቶልን፣ ገመዶቹን ከአንድ እስከ ሦስት ልናይ ጋቢና ውስጥ ተቀመጥን። ከጀርባው የማባዣ ሠንጠረዥ ያለበት አንድ ደብተር ነበረው፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ኬላ ገጽ አዘጋጅቶ፣ መስመር አስምሮ፣ «የገመድ ርዝመት»፣ «የጨርቅ ብዛት»፣ «ጣሪያ»፣ «ግንዱ ምን ዛፍ ነው»፣ «አጣጣል»፣ «ጠባቂ» እያለ ይሞላ ነበር። ሲያድግ መሐንዲስ ሆኖ እስከ ጅማ፣ ከዚያም አልፎ ያሉትን ገመዶች ሁሉ በካርታ ላይ ሊያወርድ ነው። የራሳችንን ኬላ ግን አልጻፈም፤ «ቤታችንን ምን ብዬ ልጽፈው ነው» አለኝ።

ያ ጉዞ እንዴት ያለ ጉዞ ነበር። ጋቢናው ውስጥ ናፍታና የጋሽ ከድር ሲጋራ ይሸታል፤ በመስኮቱ ደግሞ የእርጥብ ቅጠልና የኮረሪማ ሽታ ይገባል፤ መኪናው ጭቃ ውስጥ ሲዘፈቅ ረዳቱ ወርዶ ቅጠልና ድንጋይ ይነሰንስለታል፣ ጋሽ ከድር ማርሽ እየቀየረ መኪናውን እንደ ሚስት ይለማመጠዋል፣ ታምራት ደብተሩን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ገመድ ይፈልጋል። ከዛፎቹ መሃል የተንጠለጠለ ጨርቅ ብቅ ሲል ክንዴን ይዞ የሚጨብጠኝ አጨባበጥ እስካሁን አለ። ቴፒ ስንደርስ ሙቀቱ ሌላ፣ ማንጎው ሌላ፣ የመንግሥት ቡና እርሻው ትራክተር ሌላ፤ ኬላዋ ላይ ያለው ወጣት ግን ሬዲዮውን ከጆሮው የማያወርድ፣ ገመዱንም ጥሎ ሰንሰለት ያስገባ ነበርና ሁለታችንም ናቅነው። «ሰንሰለት ነፍስ የለውም» ብሎ ጻፈበት ታምራት።

የሸኮው ነው ልባችንን የወሰደው። ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር የሣር ጎጆ፣ ጎጆው በር ላይ ቆዳው የተላላጠ አንድ ውሻ፣ ገመዱ ደግሞ ጠባቂው ራሳቸው ከእንሰት ቃጫ የገመዱት፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ። ጠባቂው ሽማግሌ ነበሩ፤ የአገሬው ሰው፣ አማርኛን ከመኪና ሾፌር የለመዱ። ቋጠሮ ሲቆጥሩ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ነው፤ ስለዚህ አባ ቋጠሮ አልናቸው፤ ያወጣንላቸውን ስም ሰምተው ስቀው ተቀበሉት። የተቀቀለ ጎደሬ በቅጠል ላይ አድርገው ከጨውና ከሚጥሚጣ ጋር ይሰጡናል፤ ታምራት ገመዱን በእርምጃ ሲለካ ከኋላው እየተከተሉ እሳቸውም ይለካሉ።

እኔን አንድ ነገር ያስተማሩኝም እዚያ ነው። በሚቀጥለው ክረምት ደግመን ስንሄድ፣ ከሚዛን ሕፃን ያዘለች ሴት ተሳፍራ ነበርና እኔ ሕፃኑን ሳልቋጥር ነው የመጣነው። አባ ቋጠሮ በአውራ ጣታቸው ቆጠሩ፣ ሰዉን ቆጠሩ፣ ደግመው ቆጠሩ፤ ከዚያ ሕፃኑን በጣታቸው እየነኩ «ይሄ ማነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ክሩ ላይ አንድ ቋጠሮ ጨምረው፣ እጄን ይዘው ቋጠሮዋን አስዳሰሱኝና «ትንፋሽ አለ፣ ቋጠሮ አለ። ያልተቋጠረ ሰው፣ መንገድ ይበላል» አሉኝ። መንገድ ይበላዋል ማለታቸው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባብኝ። ስመለስ ሳምንት ሳይሞላ፣ ረዳቱ ጭኗት ለነበረች ፍየል አንድ ቋጥሬ ላክሁና ከሚዛን እስከ ቴፒ ያለ ሾፌር ሁሉ ሳቀብኝ፤ ታምራት «ባለ ፍየሏ» እያለ ዓመት ሙሉ አላፋታኝም። ይሳቁ፤ እኔ ግን መተው አልቻልኩም፤ እሱ ዋና ሊዋኝ ወንዝ ሲወርድ ቀሚሴ ጫፍ ላይ አንድ እቋጥርና ሲመለስ ነበር የምፈታው። ይሄን ለማንም አልነገርኩም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ አፈሳው በረታ። ብሔራዊ ውትድርና የሚባለው ነገር መጀመሪያ በስም ዝርዝር ነበር፤ በኋላ ከገበያም፣ ከመንገድም፣ ከትምህርት ቤት በርም ሆነ። ታምራት ገና አሥራ ሰባት ነው፤ ነገር ግን ቁመቱ ሽቅብ ሄዶ ነበርና ዕድሜውን የሚጠይቅ የለም። ስሙ ቀበሌ ገባ ተባለ። እማዬ ለቅሶዋን ሌሊት ጨርሳ ቀን ቀን ዘዴ ስትፈልግ ከረመችና፣ ከጋሽ ከድር ጋር ተመካከረች፤ ቴፒ የቡና እርሻው ውስጥ የምትሠራ አክስት አለችን፤ እሷ ዘንድ ከደረሰ ከለቃሚዎች ጋር ተቀላቅሎ ጫካ ይገባል፣ እስኪረግብ እዚያ ይቆያል። ቴፒ ከደረሰ ይተርፋል። ነገሩ ይሄው ብቻ ነበር፤ ሦስት ገመድ ማለፍ። የይለፍ ወረቀት የለውም፤ ስለዚህ ከጆንያው መሃል ሸራ ሥር ሊተኛ ሆነ። ለአባዬ አልተነገረም። ለእኔም ባልተነገረ፤ ግን ንጋት ላይ ታምራት ደብተሩን አምጥቶ «ደብቂልኝ፣ እንዳይረጥብ» ብሎ ሰጠኝና ሁሉም ገባኝ።

እሑድ ጠዋት ነበር፤ ካፊያ ነበር። የጋሽ ከድር መኪና መጥታ ገመዱ ፊት ቆመች። ጋቢናው ውስጥ ጋሽ ከድር፣ ረዳቱና ቡና ገዢው ሰውዬ አሉ። አባዬ ወረቀቱን አይቶ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄደ፣ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ፣ ሸራውን አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ እግሩን አወረደና «ዛሬስ ጉልበቴን አሞኛል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን። አባዬ ጉልበቱን አሞት አያውቅም። ተመልሶ መጣና ፊቴን ሳያይ «ቋጥሪላቸው» ብሎኝ ገመዱን ሊፈታ ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት የኮራበትን ገመድ ለልጁ ሲል መሬት ላይ ሲጥለው ያየሁት እኔ ነኝ።

እኔ አንድ ቋጠርኩ፣ ለጋሽ ከድር። ሁለት፣ ለረዳቱ። ሦስት፣ ለሰውዬው። እጄ ቆመ። እንግዲህ ይሄን ስንት ዓመት አሰብኩት፤ ረስቼ ነው ብል ደስ ባለኝ፣ የእጅ ልማድ ነው ብል ደስ ባለኝ። አልረሳሁም። ተደብቆ እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ ግን ያልተቋጠረ ሰው መንገድ ይበላዋል፤ ወንድሜ ዝናብ ውስጥ፣ ጆንያ መሃል፣ ቋጠሮ ሳይኖረው ያንን ዳገት ሊወጣ ነው። ሳልቋጥረው ከሄደ አይደርስም ብዬ አሰብኩ። አራተኛውን ቋጠርኩ፤ ከሌሎቹ ሁሉ አጥብቄ፣ በጥርሴም ስቤ፣ እንባዬ እየወረደ። ክሩን ስፖኪዮው ላይ ሳስር ጋሽ ከድር በመስኮት እጁን ዘርግቶ ራሴን ዳሰሰኝ። ክሩን አላየውም፤ ሾፌር አያየውማ። መኪናዋ ገመዱን ረግጣ ሄደች፤ እኔም አሁን ይደርሳል ብዬ ልቤ ረጋ።

ጋሽ ከድር በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከመኪናው ሳይወርድ ነው መጮህ የጀመረው። ሸኮ ሲደርሱ ዝናቡ ጠንክሮ ለአፈሳ የወጡ ታጣቂዎች አባ ቋጠሮ ጎጆ ጥግ ተጠልለው ነበር አለ። ሽማግሌው ክሩን ዳሰሱ፣ ሰዉን ቆጠሩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ይዘው «ሰው ወድቋል፣ አንድ ሰው መንገድ ቀርቷል!» እያሉ በዚያ ዝናብ ወደ ቁልቁለቱ መሮጥ ጀመሩ። ታጣቂዎቹ ተነሱ። የወደቀው ከየት ነው ብለው ላይ ወጡ፣ ሸራውን ገለጡ። ታምራትን አወረዱት፤ እጁን ያሰሩበት የኬላውን ትርፍ ገመድ ነው። ሽማግሌው ከቁልቁለቱ ሲመለሱ አይተው እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አሉ አለ። ጋሽ ከድር ይሄንን እያወራ በኮባ የተጠቀለለችውን ክር ለአባዬ ወረወረለትና ፊቱን ሊታጠብ ደጅ ወዳለው የውሃ በርሜል ሄደ።

አባዬ ወደ ቆርቆሮዋ ቤት ገባ፤ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ቅጠሉን ፈታ። በሦስት ጣቱ ቆጠረ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት ቁጣ አልነበረም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ አልፎልኝ ነበር። ከዚያ አራተኛውን ቋጠሮ ሊፈታ ታገለ፤ በጣቱ እንቢ አለው፣ ጠብቋል፤ ወደ አፉ አስገባና በጥርሱ ያዘው፤ ድዱ እስኪደማ ነከሰው፣ ፈታው። ክሩን ጭኑ ላይ አሽቶ አቃናው። ጋሽ ከድር ፊቱን እየጠረገ መጥቶ «ስንት ነበር የቋጠራችሁት አንተ?» ሲለው፣ አባዬ ክሩን ዘርግቶ አሳየውና «ሦስት» አለ።

በቃ። ክሩ ሦስት ካለ ሽማግሌው ዋሽተዋል ማለት ነው፤ ለታጣቂዎቹ ሊያሳዩ፣ ሆን ብለው፣ ሰው ወደቀ ብለው የጮኹት። ጋሽ ከድር እንደዚያ ብሎ አወራ፤ ከተማው እንደዚያ ብሎ ተቀበለ፤ ሾፌሮች ጨው ማቀበል፣ ሳሙና ማቀበል ተዉአቸው። እማዬ «ያ የሸኮ ሽማግሌ» ብላ ያልረገመችበት ቀን የለም። እሳቸው ደግሞ አራት እንደነበር ያውቃሉ፤ በዚያ አውራ ጣት የዳሰሱትን አይስቱም፤ የማን እጅ እንደቋጠረውም ሳያውቁ አይቀርም። ግን አራት ነበር ብለው አንድ ቀን እንኳ ለማንም አልተናገሩም። አባዬ በዕድሜው በሰው ላይ አንድ ጊዜ ዋሸ፤ ለእኔ ብሎ ነው፤ የከፈሉት ግን እሳቸው ናቸው።

አባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋጥሪ ብሎኝ አያውቅም። በሦስት ጣቱ ራሱ ይቋጥራል፤ አንዱን ለመቋጠር ያን ያህል ጊዜ ይወስድበታል፣ ሾፌሮች ክላክስ ይነፉበታል፣ እሱ ቀና አይልም። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ በሌላ መንገድ ወደ ቤት መሄድ ጀመርኩ።

ከታምራት አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ከሰሜን። እኔ ላነበው አልደፈርኩምና ጎረቤታችን አነበበልን። ደህና ነኝ ይላል፣ ብርዱ ከባድ ነው ይላል፣ እዚህም ኬላ አለ ግን ገመዱ ሽቦ ነው ይላል፤ መጨረሻው ላይ «ለአባ ቋጠሮ ሰላምታዬን አድርሱልኝ» ይላል። እማዬ ወረቀቱን ከሰውዬው እጅ ነጥቃ «የሸጠውን ሰላም ይላል፣ የዋህ ልጄን» ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ገባኝ። ሸራው ሥር ሆኖ ጩኸቱን ሰምቷል፤ እውነተኛ ጩኸት እንደሆነ አውቋል፤ ስለዚህ አራት ቋጠሮ እንደነበርም፣ ማን እንደቋጠረውም አውቋል። ለእኔ ለብቻዬ የጻፈው ነገር አልነበረም። ሌላ ደብዳቤም አልመጣም። ጦርነቱ አልቆ ወታደሩ በየመንገዱ ሲመለስ፣ አባዬ ገመዱ የተነሳበት ኬላ በር ላይ ወንበር አውጥቶ አንድ ዓመት ሙሉ ተቀመጠ።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። በዚያ መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም፤ ለስብሰባ፣ ለፈተና፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ። ሸኮ ጋ ስንደርስ በሌላኛው መስኮት ነበር የማየው። ዛሬ እወርዳለሁ፣ ዛሬ እግራቸው ላይ እወድቃለሁ እያልኩ፣ ደግሞ እማዬ በሕይወት እያለች እንዴት ብዬ እያልኩ፣ አንድ ክረምት ዋንዛው ሥር ጎጆው የለም። ከጎኔ የተቀመጠው ሰው «እዚህ የነበረ ሽማግሌ ሞተ» አለ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ። አባዬም አለፈ፣ ምንም ሳይለኝ። እማዬም አለፈች፣ እየረገመቻቸው። ሁሉም አለፉብኝና የምነግረው ሰው አጣሁ።

ሐሙስ ዕለት ዕቃዬን በጭነት መኪና አስጭኜ ቴፒ ገባሁ። ማንም አላስቆመን፣ ማንም አልቆጠረን። ሳጥኔን ያሰርኩት በዚያ ቃጫ ነበር፤ የልጄ ልጅ፣ አሥር ዓመቷ ነው፣ ልትፈታው ብትታገል፣ ብትታገል እንቢ አላት። «አያቴ፣ ለምንድን ነው እንደዚህ አጥብቀሽ የምትቋጥሪው?» አለችኝ። ተይው ብዬ በጥርሴ ሞከርኩ፤ ጥርሱ የታለና። ሄዳ ቢላ አመጣችና ቆረጠችው። ክዳኑን ስትከፍት ከላይ ያገኘችው ያንን የታምራትን ደብተር ነው፤ ጫፉ ምስጥ በልቶታል እንጂ አልረጠበም። «የማን ነው?» አለችኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ደክሞኝ ነበር፤ ምናልባትም ስለደከመኝ ነው፣ ከመጀመሪያው ቋጠሮ እስከ አራተኛው፣ የአባዬንም ጥርስ ሳልደብቅ፣ ለዚያች ልጅ ነገርኳት። ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ጊዜ ነው።

አላለቀሰችም፣ አልወቀሰችኝም። «ሽማግሌው ስማቸው ማን ነበር?» አለችኝ።

ደብተሩን ተቀብያት የሸኮን ገጽ ፈለግሁ። የገመድ ርዝመት፣ አሥራ አራት እርምጃ። የጨርቅ ብዛት፣ ሰባት። ጣሪያ፣ ሣር። ግንዱ፣ ዋንዛ። አጣጣል፣ በእግር። ውሻ አንድ። ጠባቂ የሚለው ፊት ለፊት «አባ ቋጠሮ» ይላል፤ እሱን ደግሞ እኛ ነን ያወጣንላቸው። የሚቀጥለውን ገጽ ገለጥኩ፤ ባዶ ነው።

«አላውቅም» አልኳት።